መጨረሻ ላይ የሚመር ማር

የማር መመርመሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው "ምላሴ" ነው የሚላት። ሲያቆላምጧትም ምላሴ፣ ሲያሟትም ምላሴ። እሷም ለምዳዋለች። አንዱ በጉልበቱ ያድራል፣ አንዱ በእጁ ያድራል፤ እሷ በምላሷ ብታድር ምን ነውር አለው?

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ያስቀናል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ካፖርቷን ደርባ መስኮቱ ሰፊ ወደ ሆነው ክፍል ትገባለች። ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያላቸው ዘጠኝ ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረው ይጠብቋታል። በየብርጭቆው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ቀማሽ የማንን ማር እንደሚቀምስ ማወቅ የለበትም። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታሸታለች፣ በማንኪያ ጫፍ ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ትጉመጠመጥና ቁራጭ ፖም አኝካ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ጣፋጭ የሚባል ነገር ሁሉ ያንገሸግሻታል።

ለዚህ ነው ቤቷ ማር አፏ የማይገባው። የመመርመሪያ ቤቱም ደንብ ነው፤ ከሥራ ውጭ የሚቀምስ ምላስ ይደነዝዛል ይባላል። እናቷ በየማለዳው ከአንድ አፈ ሰፊ ብልቃጥ አንድ ማንኪያ ማር ስትወስድ፣ "ነይ ቅመሽ፤ የአባትሽ ማር እኮ ነው" ትላታለች። "ተይኝ እማዬ፣ ዘጠኝ ይጠብቀኛል" ብላ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። አባቷ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማሩ እስካሁን አለማለቁ አልገረማትም፤ እናቷ ቆጣቢ ናት።

ምላሷን የገራው አባቷ ነው። ንብ አናቢ ነበር። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል እጇን ይዞ ቀፎዎቹ ወደተደረደሩበት ተዳፋት ይወስዳትና አበባ ቀጥፎ አፏ ውስጥ ያደርግላት ነበር። "አኝኪው፣ እንዳትውጪው። አሁን ማሩን ቅመሽ። አገኘሽው?" ይላታል። ስታገኘው እንደ ሕፃን ይቦርቃል፤ ስታጣው ሌላ አበባ ይቀጥፋል።

ለብዙ ሰው ማር ማር ነው፤ ነጭና ቀይ ብሎ ይለየውና ይልሰዋል። ለእሷ ግን እያንዳንዱ ማር የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ከደጋ የመጣው ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ይሟሟል፤ ንቦቹ ሽታማ ቅጠል ያለው አጭር አበባ ላይ እንደዋሉ አፍንጫ ያውቃል። ከሱፍ ማሳ የመጣው ቢጫ ነው፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። የቆላ ግራር ማር መጣሁ ሳይል ይሄዳል። የጫካው ደግሞ ጠቆር ብሎ የዛፍ ቅርፊት ይሸታል፣ ጉሮሮ ይኮሰኩሳል።

የአባቷ ማር ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥምም ነበር። ሲገባ ይጣፍጣል። ቀጥሎ ዝናብ እንደነካው ድንጋይ ይሸታል። ከዚያ ውጠውት፣ አለቀ ብለው ማንኪያውን ሲያስቀምጡ፣ ከምላስ ሥር ትንሽ ምሬት ትመጣለች። ምሬቷ የምትመጣው ከአንዲት ግራጫ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፣ አበባዋ የጨው ቅንጣት ታክላለች፣ ፍየል እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። ከዚያ ተዳፋት ሌላ የትም አይተዋት አያውቁም። ስም ስላልነበራት አባቷ "አመዴ" አላት፤ አመድ ትመስላለችና። ይህን ምስጢር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አባትና ልጅ።

ታናሽ ወንድሙ አብሮት ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ቀፎውን እንጂ መሬቱን አያይም። እሷ "ጋሼ" ትለው ነበር። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው ነው። ጉድ የሠራቸውም እሱ ነው።

አንድ ዓመት ገዢዎች "ማሩ ይመራል" ብለው አጉረመረሙ። የንብ አናቢዎች ማኅበር ስብሰባ ጠራ። አባቷ ተነስቶ ስለ አመዴ ሲያስረዳ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የጨው ቅንጣት የምታክል አበባ ማር አመረረች ብሎ ማን ይመነው? አመዴ የሚላት የትኛዋ እንደሆነች የጠየቀው እንኳ አልነበረም። ቀጥሎ ጋሼ ተነሳ። "ስኳር አሳርሮ ሲቀላቅል አይቼዋለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብሎ ማለ። የገዛ ወንድም ከማለ ሌላ ምስክር ማን ይፈልጋል? አባቷን አባረሩት። ተዳፋቱ የማኅበሩ ስለነበር ቀፎዎቹን ከነቦታቸው ለጋሼ ሰጡት። አባቷ የሰው ፊት ማየት እየፈራ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። የጋሼ ዓይን ግን ግንባር አልሆነም። ጭራሽ አማረበት።

የከተማ ሰው ምላስ ደግሞ ፋሽን ይከተላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መራራ ማር ተወደደ። ጋሼም ያንኑ ማር "ልዩ መራራ" የሚል ወረቀት ለጥፎበት ስሙን ተከለ። የታለ ያ ያረረው ስኳር ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልተገኘም። እሷ ያን ወረቀት ሱቅ ውስጥ ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር። አንድም ቀን አልገዛችም። ጥርሷን ነክሳ ቀን ጠበቀች።

ቀኑ ስድስት ቁጥር ብርጭቆ ሆኖ መጣ።

እንደ ወትሮው ገለጠች፣ አሸተተች፣ አነሳች። ጣፈጣት። የረጠበ ድንጋይ ሸተታት። ዋጠችና ማንኪያውን አስቀመጠች፤ ከምላሷ ሥር ምሬቷ መጣች። ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠች መሰላት። እንባዋ ካፖርቷ ላይ ወረደ። ከጎኗ ያለችው ባልደረባዋ፣ "ምላሴ፣ ምን ሆንሽ? በርበሬ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችባት። ማይክሮስኮፑ ሥር ስታየው የአመዴ የአበባ ዱቄት፣ ሦስት ማዕዘኑና ዳሩ እንደ መጋዝ የተበላው፣ መስታወቱን ሞልቶታል።

በማግሥቱ ጋሼ ራሱ ከች አለ። ማር የሚያስመረምሩ ሰዎች ውጤታቸው እንዲብራራላቸው በሚመጡበት ጠባብ ክፍል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቃት። ሸብቷል። ጥርሱ ግን ያው ነው፤ ሲስቅ ሁሉም ይታያል።

"ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ የምትቀምሺው? ወይ አባትሽ፣ ይህን አይቶ ቢሆን!"

ዓይኑን በጨው አጥቧል አለች በሆዷ። "ይቀመጡ። ምን ላድርግልዎት?"

"ዛሬ አንቱ ሆንኩብሽ? ይሁን። አንድ ትልቅ ገዢ መጥቶልኛል። የዘንድሮውን ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ግን ማሩ ከየትኛው አበባ እንደሆነ ወረቀት አምጣ አለኝ። እኔ እነዚያ ሐምራዊ አበባ የሚያወርዱት ዛፎች ናቸው ባይ ነኝ። ንቦቹ እኮ እላያቸው ላይ ነው የሚውሉት። ልክ ነኝ?"

"ወረቀቱ ላይ 'የተዳፋት ልዩ ልዩ የዱር አበባ' ይላል።"

"እሱማ ምን ይጠቅመኛል? ቁርጡን ንገሪኝና እሱን ላብዛው። ያ እከካም ቁጥቋጦ ቦታውን ይዞብኛል። አመድ የመሰለው የለም? እሱን ነቅዬ ዛፉን ልተክልበት አስቤ ነበር።"

እውነቱን መናገር ሥራዋ ነው። አንድ ቃል ነው የሚቀራት፤ ያንን ቃል አባቷ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሲናገረው ይኸው ሰውዬ ስቋል። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

"ጋሼ" አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። በዚህ ስም ከጠራችው ስንት ዘመኗ!

"ዛፉን ያብዙት። ቁጥቋጦ ምን ያደርግልዎታል?"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እደጊ፣ ልጄ። ደም መቼም ደም ነው" አለና ጨብጧት ወጣ። እሷ ለብ ያለውን ውኃ አንስታ ተጉመጠመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ጊዜ ነበር። መበቀል እንዲህ ይጣፍጣል ብላ አስባ አታውቅም። ጠዋት ስትነሳ ትዝ ይላታል፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትዝ ይላታል። በሁለተኛው ወር አላስችል አላትና የእረፍት ቀኗን ጠብቃ ሄደች፤ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ተዳፋቱን አየችው። ራቁቱን ቀርቷል። አመዴዎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ሦስት ቦታ ተከምረው ይነዳሉ። በቦታቸው ጣት የሚያክሉ ችግኞች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ጋሼ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያዛል።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በገዛ እጁ! እሷ ጣቷን አላነሳችም፣ በሐሰት አልማለችም። ጠየቃት፣ መለሰች፣ አበቃ። ከክምሩ ወዲህ አንዲት አመዴ ከነሥሯ መንገዱ ዳር ወድቃ ነበር። አየቻትና አለፈቻት፤ የሚነደው የእሱ እንጂ የእሷ አልመሰላትም። ስትመለስ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ለእናቷ ጫማ ገዛች፤ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ እግር የማይቆረጥም።

"ምን ተገኘ?" አለች እናቷ ጫማውን አገላብጣ።

"ምንም። ዛሬ አንድ ነገር አይቼ ደስ አለኝ።"

ዓመት ዞረ። ማር ተቆረጠ። የጋሼ ማር በዚያኛው ዓመት ስድስት ቁጥር ነበር፤ ዘንድሮ አራት ቁጥር ሆኖ መጣ። ማንም ባይነግራትም አወቀችው፤ የቀፎው ሰፈፍ ሽታ ያው ነው። ቀመሰች። ጣፈጠ፤ እንደ ማንኛውም ጣፋጭ ነገር ጣፈጠና ሄደ። ዋጠችና ጠበቀች። በልቧ እስከ ሃያ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ምላሷ ሥር ምንም የለም። ቅጹ ላይ "ጣፋጭ፤ የራሱ የሆነ ጠባይ የሌለው" ብላ ስትጽፍ ብዕሯ ይሮጥ ነበር።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጣ። ያቺ ጥርስ አልታየችም።

"ገዢው ቀምሶ ትቶኝ ሄደ" አለ። "'ይሄማ የትም ሱቅ አለ' አለኝ። ምን ሆነብኝ?"

ይህን ጊዜ በሕልሟ ስንቴ ኖራዋለች። በእርጋታ ማይክሮስኮፑን አስጠጋችለትና የአምናውን መስታወት አስገባች። "ይመልከቱ። ሦስት ማዕዘን ያለው ይታይዎታል?"

"ይታየኛል።"

የዘንድሮውን ቀየረችለት። "አሁንስ?"

"የለም።"

"አመዴ ትባላለች። አባቴ ነው ስም ያወጣላት። ያ እከካም ያሉት ቁጥቋጦ ነው። ያ ማር ልዩ የሆነው በእሷ ነበር። አባቴ ስኳር አላሳረረም። አባቴ እውነቱን ነበር የተናገረው፤ እርስዎም በአዳራሹ ስቀውበታል፣ ምለውበታል። አሁን ደግሞ በገዛ እጅዎ ነቅለው አቃጠሉት። ሲጠይቁኝ ደበቅሁዎት፤ አውቄ ነው።"

እንዲጮህ ጠበቀች። ደረቱን እንዲይዝ፣ እንዲለምናት፣ ቢያንስ ቅስሙ ሲሰበር በዓይኗ እንድታይ ጠበቀች። እሱ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ ቆየ። ቀና ሲል ሌላ ነገር ጠየቃት።

"እርግጠኛ ነሽ? የዘንድሮው ማር ውስጥ የወንድሜ ነገር ምንም የለም?"

"ምንም።"

"ቅንጣት ታህል?"

"አልኩዎት እኮ! ምንም የለበትም!"

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ትከሻው ወረደ፤ ሸክም አውርዶ እንደተቀመጠ ሰው። "አመሰግናለሁ" አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ቀማሿ በሩን እያየች ቀረች። ስንት ዘመን የደገሰችው በቀል በዚያች "አመሰግናለሁ" ተበላሸባት። አላበደም? አእምሮው ተነክቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ያ ሐሳብ ትንሽ ደስ አሰኛት።

ከሥራ ወጥታ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። እናቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ፊቷ ሁለት ብልቃጥ አለ። አንደኛው የምታውቀው ነው፤ ሥሩ ላይ ሁለት ማንኪያ የማትሞላ ጠቆር ያለች ማር ቀርታለች። ሌላው ሙሉ ነው፣ ፈዛዛ ቢጫ።

"ይሄን ማን አመጣው?"

"ጋሼሽ።"

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። "እዚህ ቤት ገባ?"

"አይገባም። በር ላይ ነው የሚቆመው። በየዓመቱ ማር ሲቆርጥ ይመጣል፤ አንቺ ሥራ ስትሆኚ።"

"በየዓመቱ?!"

"ቁጭ በይ" አለች እናቷ። "አባትሽን የቀበርን ሰሞን ብልቃጥ ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ልደፋበት አንስቼው ነበር። ከዚያ ሐሳቤን ለወጥኩ። ማንኪያ ሰጠሁትና ቅመስ አልኩት። ቀመሰ። 'የማን ማር ነው?' አልኩት። ዝም አለ። 'ሳትናገር አትሄድም' አልኩት። ጎረቤት በመስኮት እያየው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ 'የወንድሜ ማር ነው' አለ። 'ስኳር አለበት?' አልኩት። 'የለበትም' አለ። ያኔ ተቀበልኩት። በየዓመቱ እየመጣህ ይህንኑ ትላለህ አልኩት። ይመጣል። እየቀመሰ ይናገራል። ስንቱን ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳው ፊቱ ላይ አያለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትደፊብኛለሽ ብዬ ነዋ። እኔ ደግሞ መብላት እፈልግ ነበር። ማኅበሩ የኔን ቃል የት ይሰማል? እዚህ በር ላይ ግን ዳኛዋ እኔ ነኝ።" እናቷ ሙሉውን ብልቃጥ በጣቷ ገፋ አደረገችው። "ዛሬም ማንኪያውን ሰጠሁት። የማን ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። 'የእኔ ነው' አለኝ። የዚህ ሰው ዓይን አውጣነት ብዬ ማንኪያውን ነጥቄ ቀመስኩት። ጠበቅሁ። ምሬቷን ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። የለችም። ምን ልበለው? የእሱ ነው። 'እንግዲህ አልመጣም' ብሎኝ እንደ ጎረምሳ እየፈጠነ ሄደ።"

ቀማሿ ለውጡ ከየት እንደመጣ በመስታወት ላይ ልታሳያት ትችላለች፤ ሦስት ማዕዘን፣ ዳሩ መጋዝ። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት።

"አንቺ አዋቂ ነሽ" አለች እናቷ። "የአባትሽ ጣዕም የት ገባ?"

እናቷ ትንሽ ፊቷን አየቻት፤ የልጇን ፊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ወደ እግሯ፣ ወደዚያ ቡናማ ለስላሳ ጫማ ተመለከተች።

"ያን ቀን አይቼው ደስ አለኝ ያልሽው ምን ነበር?"

"እማዬ..."

እናቷ ጫማውን አንድ በአንድ አወለቀችና በእግሯ ከጠረጴዛው ሥር ገፋችው። የድሮውን ብልቃጥ ከደነችና ወደ ራሷ ሳበችው። ማንኪያውን በቀሚሷ ጠርጋ ከአዲሱ ብልቃጥ ሞልታ አነሳችና ዘረጋችላት።

"ቅመሽ።"

ልጅቷ ተቀብላ ቀመሰች። ጣፈጠ። ዋጠችው። እንደማትመጣ እያወቀች፣ ምላሷ ሥር ያቺን ምሬት ጠበቀች።

"ሳትናገሪ አትሄጂም" አለች እናቷ። "የማን ማር ነው?"

"የእኔ ነው" አለች።